ሰልፍ ይነገራል ወይስ ይለመናል?

ሰነድ ፈታሽ፦
ሰሞኑን ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ቃል ተጣላሁ። ቃሉ "ዕውቅና" ነው። "ዕውቅና ያልተሰጠው ሰልፍ" የሚለውን ዜና ያልሰማ የለም። እሱ "ዕውቅና ማለት ፈቃድ ነው፤ ካልሰጡህ አርፈህ ቤትህ ትቀመጣለህ" አለኝ። እኔ ደግሞ "የት ተጽፎ?" አልኩት። ማታ ገብቼ ሕጉን አወጣሁት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት አለው ይላል። ወዲያው ገደቡን ያስከትላል። ከቤት ውጭ የሚደረግ ስብሰባና ሰልፍ የሕዝብ እንቅስቃሴ እንዳያውክ፣ ሰላምን፣ ዴሞክራሲያዊ መብቶችንና የሕዝብን ሞራል እንዳይጥስ አግባብ ያለው ሥርዓት ሊደነገግ ይችላል። "ሥርዓት" ነው ያለው። ክልከላ የሚል ቃል አላገኘሁም።

ሥርዓቱ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ይበልጣል፤ በዕድሜ ማለቴ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ይባላል። የሽግግር መንግሥቱ በተቋቋመ በሳምንታት ውስጥ፣ ነሐሴ 1983 ላይ ወጣ። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 1987 ነው። አዋጁ የሚለው አጭር ነው። ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ስሙን፣ አድራሻውንና ፊርማውን ያኖራል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ቢቀየር ይሻላል ካለ፣ ምክንያቱን ጠቅሶ በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። በየትም ቦታ፣ በምንም ጊዜ ሰልፉ አይደረግ ማለት ግን አይችልም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኼ ነው። ማሳወቅ እንዴት አድርጎ ማስፈቀድ ሆነ? ደግሞስ፣ ሐቁን እንነጋገር ካልን፣ ቢሆን ምን ክፋት አለው?

ባለሱቋ፦
እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ ዋና መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። ሰልፍ አለ በተባለ ቁጥር በሬን ዘግቼ እውላለሁ። የዚያን ቀን ኪራይ ማንም አይቀንስልኝም። ሰልፈኛው መብቱን ተጠቅሞ ማታ ቤቱ ይገባል። እኔ ደግሞ በማግስቱ መስታወቴ አለ ወይ ብዬ እየጸለይኩ እሄዳለሁ። አንድ የሚጠየቅ ሰው "ይሁን" ወይም "አይሁን" ቢል ምናለበት? ለኔ ፈቃድ ማለት ኃላፊነት የሚወስድ አለ ማለት ነው።

ጠበቃው፦
እትዬ ባለሱቋ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። መስታወትዎን የሚጠብቀው ፈቃዱ ሳይሆን የወንጀል ሕጉ ነው። አንቀጽ 30 ንዑስ አንቀጽ 2ን ይመልከቱልኝ። ሰልፍ የመውጣት መብት ሰውን ከተጠያቂነት አያድንም። የወጣቶችን ደኅንነት ወይም የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ የወጡ ሕጎች እዚያው ይሠራሉ። የጦርነት ቅስቀሳና የሰውን ሰብዓዊ ክብር የሚነካ ንግግርም እንደዚሁ። ድንጋይ የወረወረ በድንጋዩ ይጠየቃል።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። አንዱ መንገድ ሰውን በሠራው ይጠይቃል። ሌላው ሊሠራ ይችላል ተብሎ አስቀድሞ በሩን ይዘጋበታል። ሕገ መንግሥቱ የመረጠው የመጀመሪያውን ነው።

ባለሱቋ፦
ይቅርታ አድርግልኝና የወረወረውን ማን ይይዝልኛል? አሥር ሺህ ሰው መሀል አንዱን ፈልጎ ያገኘ ካለ ንገረኝ።

የድሮ ፖሊስ፦
እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ብዙ ዓመት ሰልፍ ጠብቄአለሁ፤ ደግፌም ተቃውሜም አይደለም፣ ቆሜ ነው የጠበቅኩት። ስለ 48 ሰዓት የምታወሩት ወረቀት ላይ ነው። ሁለት ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ አታውቁትም። መንገዱን ማጥናት አለ፣ የሚዘጋውን መስቀለኛ መንገድ መለየት አለ፣ አምቡላንስ በየት ያልፋል የሚል አለ፣ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ኳስ ወይም በዓል ካለ ኃይል ማካፈል አለ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ቡድኖች ለአንድ ቀን አንድ አደባባይ ሲጠይቁ ነው። ሁለቱም መብት አላቸው። እና ምን ላድርግ?

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አንድ ሰው ከሞተ "ማን ፈቀደ?" ተብሎ ነው የሚጠየቀው። "ማን ከለከለ?" ተብሎ የተጠየቀ አለቃ አላየሁም። ስለዚህ አለቃው ምን እንደሚመርጥ ለናንተ ተውኩት።

የአራተኛ ዓመቷ፦
ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከነ ሕጉ ሁሉ ትበልጣለች። በቃ እሷ ናት ምክንያቱ። ለከለከለ ቅጣት የለም፣ ለፈቀደ አደጋ አለ። ታዲያ ማሳወቅ ማስፈቀድ ቢሆን ምን ይገርማል?

ግን እርስዎ የጠቀሱት የሁለት ቡድን ምሳሌ ለክልከላ አይሆንም። አዋጁ ራሱ መልስ ሰጥቶበታል። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት ማድረግ ነው። ወይም አንዱን እዚህ፣ አንዱን ከተማው ሌላኛው ጫፍ። ጊዜና ቦታ መቀየር ይችላሉ ተብሏል እኮ።

የድሮ ፖሊስ፦
ልክ ነሽ ልጄ፤ ያንን አልክድም። የተደረገበትም ጊዜ አለ።

ሰነድ ፈታሽ፦
አዎ፣ አንድ የሚታወስ አለ። በ2005 ዓ.ም. ሰማያዊ ፓርቲ የጠራው ሰልፍ። መጀመሪያ የታሰበው የአፍሪካ ኅብረት 50ኛ ዓመት በሚከበርበት በግንቦት 17 ሰሞን ነበር። ከተማው በመሪዎች ተሞልቶ ነበርና ቀኑ ተገፋ። ግንቦት 25 ተካሄደ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ፤ በሰላም ገባ። ከ1997 ወዲህ በአዲስ አበባ የታየ ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ ነው ተብሎ በዚያን ጊዜ ብዙ ተዘግቧል። የአዋጁ አንቀጽ እንደተጻፈው ሲሠራ ይሄን ይመስላል። ስምንት ቀን ተገፋ እንጂ አልቀረም።

ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ለምን አልነበረም? ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱ 1997 ላይ ነው ያለው።

ጋሽ ጡረታ፦
1997ን ካነሳህ እኔ ልንገርህ፣ ምርጫው ግንቦት 7 ነበር። በዚያኑ ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍና ከቤት ውጭ ስብሰባ እንደማይኖር በቴሌቪዥን ተናገሩ። አንድ ወር! ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ መራው። ጉባኤው እገዳው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይቃረንም አለ። አለቀ።

ሌላም ልጨምርላችሁ፣ ዕድሜ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ይህ መብት ያልተጻፈበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። የ1948ቱ የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥትም መሣሪያ ሳይይዙ በሰላም መሰብሰብን ይፈቅዳል፤ "በሕግ በተወሰነው መሠረት" የምትል ጅራት አለችው። የ1980ው የደርግ ሕገ መንግሥትም ሰላማዊ ሰልፍን በስሙ ጠርቶ ጽፎታል። በዚያን ጊዜ ሰልፍ ስንወጣ የተሰጠንን መፈክር ይዘን ነበር የምንወጣው፤ መቅረት ነበር የሚያስጠይቀው። ስለዚህ ልጆቼ፣ "ተጽፏል" ስትሉኝ ብዙም አልደነግጥም።

ጠበቃው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ካሉት ጋር አብሬ ልሂድና አንድ ቦታ ላይ ልለይ። የ1948ቱ መብቱን ሰጥቶ ወሰኑን ለተራ ሕግ ይተዋል። ሕግ አውጪው የፈለገውን ያህል ሊቆርጠው ይችላል። የ1987ቱ እንደዚያ አይደለም። ገደቡም ገደብ አለው። ለምን ዓላማ መገደብ እንደሚቻል ቆጥሮ አስቀምጧል። ከዚያ ውጭ ያለው ምክንያት፣ ለምሳሌ "የመንግሥትን ገጽታ ያበላሻል" የሚለው፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አንቀጽ 29ን አስተያይታችሁ ብታነቡት ደግሞ ይበልጥ ይገባችኋል። ሐሳብን መግለጽ የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው። ሕጉም ቢሆን የሐሳቡን ይዘት ወይም ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ምክንያት አድርጎ መገደብ አይችልም። ሰልፍ ማለት እኮ በእግር የሚነገር ሐሳብ ነው።

አንቀጽ 13ም አለ። የመብት ምዕራፉ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተረጎማል ይላል። የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን በ1985 ተቀብለናል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ሐምሌ 2012 ላይ ባወጣው ማብራሪያ ሦስት ነገር ብሏል። ማሳወቅ በተግባር ማስፈቀድ መሆን የለበትም። አለማሳወቅ ብቻውን ተሰላፊውን ሕገወጥ አያደርገውም። ጥቂት ሰዎች ቢረብሹ ደግሞ ሰልፉ በሙሉ ሰላማዊ አይደለም አይባልም። ለእትዬ ባለሱቋ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የወረወረውን ያዙ፣ ያልወረወረውን ተዉት።

የድሮ ፖሊስ፦
ጄኔቭ ሆኖ መጻፍ ጥሩ ነው። ጭስ ውስጥ ቆሞ "ይህ ወርውሯል፣ ይህ አልወረወረም" ማለት ግን ሌላ ነው። ይህን የምለው መብቱን ለማሳነስ አይደለም። አሁን ሳስበው ግን፣ ያ የሚሳነን ሥልጠናና መሣሪያ ስለሌለን ነው። ለሰልፍ የሠለጠነ ሰው ይበቃል፤ ክላሽ የያዘ ሰው አያስፈልግም። ይህንን ራሴ አለቆቼ ፊት ብዬዋለሁ።

የአራተኛ ዓመቷ፦
ደቡብ አፍሪካኖችም ይሄን ተጨቃጭቀውበታል። እዚያ ከ15 ሰው በላይ ይዞ ሳያሳውቁ ሰልፍ መጥራት ወንጀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው ያንን ወንጀል ሻረው። ማሳወቁ ይቀጥል፤ ስላላሳወቀ ብቻ ሰው ወንጀለኛ አይሁን አለ። እኛ ጋ ደግሞ አሳውቆም የሚታሰር አለ። ወይ ጉድ!

ባለሱቋ፦
እሺ ቆይ፣ አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ፣ ደንበኛ መጥቷል። ያ 12 ሰዓት የተባለው ቢያልፍና መልስ ባይመጣስ? ዝም ቢሉስ?

ሰነድ ፈታሽ፦
ጉዱ እዚህ ጋ ነው! የኛ ችግር ብዙ ጊዜ ክልከላው አይደለም፤ ዝምታው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት የሠፈራችን ነዋሪዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ለመነጋገር አዳራሽ ፈለግን። ሰልፍ አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማውራት ነው። የአዳራሹ ኃላፊ "ደብዳቤ አምጡ" አለን። ደብዳቤውን የሚጽፈው ቢሮ ሄድን። "ለቤት ውስጥ ስብሰባ እኛ ደብዳቤ አንጽፍም" አሉ። አዳራሹ ጋ ተመለስን። "ያለ ደብዳቤ አላከራይም፤ ነገ ማን ይጠይቀኛል?" አለ። እሱንም አልፈረድኩበትም። ኋላ በአንዱ ጎረቤት ግቢ ተሰበሰብን፤ ዝናብ መጣና በረንዳ ላይ ተጣበን ጨረስን።

ያኔ አንቀጽ 30ን ባነበው ኖሮ! ገደቡ የሚናገረው ስለ "ከቤት ውጭ" ስብሰባ ነው። ከጣሪያ በታች ለሚደረገው ያንን የመንገድና የእንቅስቃሴ ምክንያት ማንሳት አይቻልም። ማንም አልከለከለንም እኮ። ማንም አልፈቀደልንምም።

ጠበቃው፦
ወደ ጥያቄው ልመለስ። በኔ አነባበብ 12 ሰዓቱ የተቀመጠው ለአስተዳደሩ ነው እንጂ ለአሳዋቂው አይደለም። የቦታና የጊዜ ለውጥ የማቅረብ ዕድል ተሰጠው፤ ካልተጠቀመበት አለፈው። ሰልፉ በታሰበበት ቀን ይቀጥላል። ዝምታን እንደ ክልከላ የሚቆጥር ድንጋጌ አዋጁ ውስጥ አላየሁም። አዎ፣ መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ወታደር ይሄን አንብቦታል ወይ ብትሉኝ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ደብዳቤ የሚያስገባ ሰው አንድ ነገር ይያዝ። መዝገብ ቤት ቁጥር የሰጠውና ማህተም ያረፈበት ቅጂ፣ ቀንና ሰዓት ያለበት። አንቀበልም ካሉ ምስክር ይዞ መሄድ፣ በፖስታ አደራ መላክ። ፍርድ ቤት ስትቆም የሚያዋጣህ ያቺ ወረቀት ናት።

ጋሽ ጡረታ፦
ፍርድ ቤት አልክ? ፍርድ ቤቱ ራሱ "ሕገ መንግሥት ነው፣ አልነካም" ብሎ ወደ አጣሪ ጉባኤ ይልክሃል። ከዚያ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዳኞች አይደሉም እኮ፤ የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። የኔ ጥርጣሬ ከዚህ ይጀምራል።

ጠበቃው፦
እዚህ ላይ አልከራከርዎትም፤ ከጉዳዩ ሁሉ ደካማው ቦታ ይሄ ነው። ግን ሁሉም ነገር የትርጉም ጥያቄ አይደለም። "በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ሰጥቷል ወይ?" የሚለው የአዋጅ ጥያቄ ነው። ማንኛውም ዳኛ ሰዓት መቁጠር ይችላል። አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በየደረጃው ባለ የዳኝነት አካል ላይም ጥሏል። "አልነካም" ማለት ቀላሉ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

የድሮ ፖሊስ፦
እኔ አሁንም አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። በእውነት የሚያስፈራ ጊዜ ቢመጣስ? ከተማው በወሬ ሲናጥ፣ ሰው ከሰው ሊባላ ሲል፣ ያኔም ቦታና ሰዓት ቀይሩ ነው የምንለው?

ጠበቃው፦
ለዚያ ሕገ መንግሥቱ ሌላ በር ሠርቷል። አንቀጽ 93፣ የአስቸኳይ ጊዜ። የውጭ ወረራ፣ በመደበኛው ሕግ አስከባሪ የማይቻል ሥርዓቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። ግን በሩ ቁልፍ አለው። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል። በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ስድስት ወር ይቆያል፤ ቢራዘም በየአራት ወሩ እንደገና ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። በ1997 የሆነው ይሄ አልነበረም። ያ ክልከላ በዚህ በር አላለፈም፤ የኔ ቅሬታም እሱ ላይ ነው። ጉባኤው ያለውን አውቃለሁ፤ አልተዋጠልኝም።

የአራተኛ ዓመቷ፦
በሩ ቁልፍ አለው ካልክ ግን ቁልፉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ልቁጠርልህ። 2009፣ 2010፣ 2012 ለኮሮና፣ 2013 ለትግራይ፣ 2014፣ 2015። ስድስት ጊዜ! እኔ አዋቂ ከሆንኩ ጀምሮ ያለአስቸኳይ ጊዜ የቆየሁት ስንት ዓመት እንደሆነ ቁጭ ብዬ መደመር አለብኝ። በዚያ ላይ በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩት አንቀጾች አራት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንዑስ 1 እና 2። በሕይወት የመኖር መብት፣ አንቀጽ 15፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የመገንጠል መብት አይነካም፣ የመኖር መብት ግን አልተጠቀሰም። ይሄን ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ጡረታ፦
እግዚኦ። ይሄን እኔም ልብ አላልኩትም ነበር።

የድሮ ፖሊስ፦
እሺ፣ ልመን። አንድ ነገር ብቻ ቢጨመርልኝ ከናንተ ጋር ነኝ። የሚከለክል ኃላፊ ስሙን፣ ምክንያቱንና ፊርማውን ጽፎ ይስጥ። ያን ጊዜ "ማን ከለከለ?" ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። "በቃል ተነግሯቸዋል" የሚለው ይቅር። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው፤ በስልክ ታዝዤ መንገድ የዘጋሁባቸው ቀናት አሉ፤ ዛሬ ማን እንዳዘዘኝ የሚያሳይ ወረቀት የለኝም።

ሰነድ ፈታሽ፦
ይሄን የሚለው አዋጁ ነው እኮ ጋሼ፤ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ። ሊጨመር አይደለም፣ ከ1983 ጀምሮ አለ።

ባለሱቋ፦
ተመለስኩ። ሁሉንም አነበብኩት፤ ደንበኛዋም ሳትገዛ ሄደች። እሺ፣ ይነገር እንጂ አይለመን፣ ተቀብያለሁ። ግን ለኛም ይነገረን። ለአስተዳደሩ 48 ሰዓት ከተነገረ መንገድ ዳር ላለነውስ? ጠዋት በሬን ከፍቼ ነው ሁልጊዜ የምሰማው። ደግሞ ቅዳሜ አይሁን። ገበያዬ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ካደረጋችሁት እኔ ራሴ ሰልፍ ነው የምወጣባችሁ።

የአራተኛ ዓመቷ፦
ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቁን እትዬ።